ጎራዴ፣ ሾተልና ጊሌ፦ መለየት፣ መግዛትና መጠበቅ

አንድ ጎራዴ ሲገመገም ብረቱ፣ እጀታውና አፎቱ ሦስት የተለያዩ እቃዎች ተደርገው መታየት አለባቸው። በሦስት ቦታ፣ በሦስት ዘመንና በሦስት ባለሙያ እጅ የተሠሩ ሊሆኑ ይችላሉ። ከጀርመን የመጣ ብረት አዲስ አበባ ላይ የቀንድ እጀታ ይገባለታል፤ ከአንድ ትውልድ በኋላ የወረሰው ሰው አዲስ አፎት ያሠራለታል። ስለዚህ «ይህ ጎራዴ ስንት ዓመቱ ነው?» ለሚለው ጥያቄ አንድ መልስ ብዙ ጊዜ የለም። ብረቱ ስንት ዓመቱ ነው፣ እጀታው መቼ ገባ፣ አፎቱስ ለዚሁ ብረት የተሰፋ ነው ወይ? መጠየቅ ያለበት እንዲህ ነው። ሻጭ ሦስቱንም በአንድ ዋጋና በአንድ ታሪክ ጠቅልሎ ነው የሚያቀርበው፤ ገዢው ደግሞ ለየብቻ መመዘን ይጠበቅበታል።

ለምርመራ ብዙ መሣሪያ አያስፈልግም። አሥር እጥፍ የሚያጎላ ትንሽ ማጉያ መነጽር፣ ካሊፐር (የውፍረት መለኪያ)፣ የልብስ ሰፊ ሜትር፣ ማግኔት፣ የማእድ ቤት ሚዛንና ጠባብ ብርሃን ያለው ባትሪ ከያዙ ይበቃል። ጓንቱ የሐኪም ቤት ዓይነቱ ይሁን። የጥጥ ጓንት በለሰለሰ ቀንድ ላይ ይንሸራተታል፤ ባዶ እጅ ደግሞ ላብ ያሳርፋል፣ ላቡ ውስጥ ያለው ጨው በጥቂት ቀናት ውስጥ የጣት አሻራውን ወደ ዝገት ይለውጠዋል።

ከአፎት ሲያወጡ አፎቱን ከጀርባው በኩል ደግፈው ይያዙ። ስለቱ ባለበት በኩል ጨብጠው ከሳቡ፣ አሮጌው ስፌት በተበላበት ቦታ ብረቱ ቆዳውን ቀዶ ጣት ላይ ይደርሳል። ሾተል ደግሞ ቀጥ ተደርጎ አይወጣም፤ እጅ የብረቱን ጥምዝ ተከትሎ መዞር አለበት። ከተጣበቀ አይታገሉት፣ ዘይትም አያፍስሱበት፤ ዘይቱ ቆዳውን ያበላሻል እንጂ ዝገቱን አያላቅቅም። ደረቅ ክፍል ውስጥ ለቀናት ትተው ቀስ እያሉ ይሞክሩት።

የትኛው የቱ ነው?

ሾተል እንደ ማጭድ የተጠመዘዘና ባለሁለት አፍ ሲሆን ከእጀታ እስከ ጫፍ ወደ 1 ሜትር የሚጠጋ ነው። ከእጀታው ሲነሳ ቀጥ ይልና ከመካከል በኋላ በኃይል ይታጠፋል፤ የታጠፈውም የባላጋራን ጋሻ ዞሮ ለመውጋት ነው። በመካከሉ ቁልቁል የሚወርድ ጉብታ ስላለው ብረቱ ቢቆረጥ ቁራጩ ጠፍጣፋ አልማዝ ቅርጽ ይኖረዋል። እጀታው አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እንጨት የተጠረበ ነው፤ የእጅ መከላከያ የለውም። አፎቱም የብረቱን ጥምዝ ተከትሎ የተሰፋ ቆዳ ነው።

ጎራዴ ግን አንድ አፍ ያለው፣ በለዘብታ የጎበጠ የፈረሰኛ ዓይነት ብረት ነው። እጀታው መካከሉ ቀጠን፣ ላይና ታቹ ሰፋ ያለ አንድ ወጥ ቀንድ ይሆናል፤ የብረቱ ጅራት እጀታውን በስቶ አልፎ ጫፉ ላይ በብር ሳህን ወይም በሳንቲም ላይ ተቀጥቅጦ ይታሰራል። ሰይፍ የምንለው ቀጥ ያለው ባለሁለት አፍ ነው፤ በሰሜንና በምዕራብ ቆላ በኩል ወደ ሱዳኑ ካስካራ ሰይፍ እየተጠጋ ስለሚሄድ ሁለቱን መለየት የሚቻለው ብዙውን ጊዜ በአፎቱ ነው። የአፋሩ ጊሌ ደግሞ ወገብ ላይ በፊት በኩል የሚታጠቁት ሰፊና ጎባጣ ባለሁለት አፍ ጩቤ ሲሆን፣ ከላይ እስከ ታች የሚወርድ ጠንካራ ጉብታ አለው።

የድሮ ፎቶግራፍ ለማስረጃ ከቀረበልዎ፣ ሰውየው ጎራዴውን በቀኝ ጎኑ ታጥቆ ቢያዩ ፎቶው ተገልብጦ የታተመ እንዳይመስልዎ። ጋሻ በግራ እጅ ስለሚያዝ በኢትዮጵያ ጎራዴ በቀኝ መታጠቅ የተለመደ ነበር።

ብረቱን ማንበብ

ምርመራው የሚጀምረው ከውፍረቱ ነው። ካሊፐሩን ይዘው የብረቱን ጀርባ በሦስት ቦታ ይለኩ፦ እጀታው ሥር፣ መካከል ላይ፣ ከጫፉ 10 ሳንቲሜትር ላይ። ለውጊያ የተሠራ የፈረሰኛ ብረት እጀታው ሥር ከ7 እስከ 9 ሚሊሜትር ይሆንና እየሳሳ ሄዶ ጫፉ አጠገብ 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ላይ ይደርሳል። ሦስቱም ቦታ ላይ 3 ሚሊሜትር ካገኙ በእጅዎ ያለው ከላሜራ የተቆረጠ የግድግዳ ጌጥ ነው። ይህ አንድ ልኬት ብቻውን ከማንኛውም የሻጭ ወሬ የበለጠ ይናገራል። የሚፈጀውም ግማሽ ደቂቃ ነው።

ቀጥሎ በብረቱ ጎን የሚወርደውን ቦይ ይመልከቱ። ብረቱን ከዓይንዎ ፊት አግድም ይዘው ወደ መስኮት ብርሃን ያዙሩት። የፋብሪካ ቦይ ከዳር እስከ ዳር እኩል ስፋት አለው፤ ጠርዙ አይወላገድም፣ ሲያልቅም በንጹህ ቅስት ያልቃል። በእጅ የተፋቀ ቦይ ግን ይሰፋል ይጠባል፤ ውስጡ የሞረድ ጭረት በቁመት ይታያል፣ በሁለቱ ጎን ያሉት ቦዮችም በአንድ ቁመት ላይ አያልቁም። ሁለቱም እውነተኛ ሊሆኑ ይችላሉ። የመጀመሪያው ከአውሮፓ የመጣ መሆኑን ይጠቁማል፣ ሁለተኛው የአገር ቤት ቀጥቃጭ ሥራ መሆኑን።

ከእጀታው አጠገብ ያለው ያልተሳለው ክፍል የፋብሪካ ማኅተም የሚገኝበት ነው። ዝገት ከሸፈነው በዘይት በራሰ የጥርስ ብሩሽ ቀስ ብለው ያጥሩት፤ ብርጭቆ ወረቀት አያስጠጉ። የንጉሥ ራስና የባላባት የራስ ቁር ጎን ለጎን ካዩ በጀርመኗ ዞሊንገን ከተማ ያለው የዌየርስበርግና ኪርሽባውም ጥምር ድርጅት ነው፤ ሁለቱ ቤቶች የተዋሃዱት እ.ኤ.አ. በ1883 ስለሆነ ብረቱ ከዚያ በፊት ሊሠራ አይችልም። ሽኮኮ የአይክሆርን፣ ቆሞ የሚታይ ጋሻ ጃግሬ ወታደር ደግሞ የክላውበርግ ፋብሪካ ምልክት ነው። የፈረንሳይ ጦር መሣሪያ ፋብሪካ ብረት ከሆነ ጽሑፉን ጎን ላይ አይፈልጉ፤ በብረቱ ጀርባ ላይ በእጅ ጽሑፍ ቅርጽ የፋብሪካውን ስም፣ ወሩንና ዓመቱን ጭምር ጽፈውታል። ሻቴለሮ የሚለው ስም በብዛት ያጋጥማል።

የለንደኑ ሰይፍ ሠሪ ዊልኪንሰን ተከታታይ ቁጥሩን ያሳረፈው በብረቱ ጀርባ ላይ እጀታው አጠገብ ነው፤ ጎኑ ላይ ደግሞ ብረቱ መፈተኑን የሚያሳይ ትንሽ ክብ በባለ ስድስት ጫፍ ኮከብ ተከብቦ ይገኛል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ኮከቡን ያየ ሁሉ «የሰሎሞናዊው ሥርወ መንግሥት ምልክት ነው» ይላል። አይደለም፤ የእንግሊዝ መኮንኖች በያዟቸው ብዙ ሰይፎች ላይ ያለ የፋብሪካ ጌጥ ነው። ኮከብ ስላለበት ብቻ ዋጋ የሚጨምር ሻጭ ቢያጋጥምዎ አይጨቃጨቁ፣ በትህትና ይለፉት።

«መይድ ኢን ጀርመኒ» የሚል ጽሑፍ ካለ ብረቱ እ.ኤ.አ. ከ1887 የእንግሊዝ የንግድ ምልክት ሕግ ወዲህ የተሠራ ነው ብሎ መውሰድ ይቻላል። «ኢንዲያ» የሚል ከሆነ ለቱሪስትና ለፊልም የሚመረት አዲስ እቃ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው።

የግዕዝ ፊደል ያለበት ብረት ለአማርኛ አንባቢ ትልቅ ጥቅም አለው፤ የውጭ ሰብሳቢ በጌጥነት የሚያየውን እኛ እንደ ሰነድ እናነበዋለን። መጀመሪያ ማዕረጉን ይፈልጉ። ምኒልክ «ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ» ተብለው የነገሡት ጥቅምት 1882 ዓ.ም. ስለሆነ ይህ ማዕረግ ከስማቸው ጋር ያለበት ብረት ከዚያ አይቀድምም። «ተፈሪ መኰንን» ከአልጋ ወራሽነት ማዕረግ ጋር ከተጻፈ ከ1909 ዓ.ም. ወዲህ ነው፤ «ንጉሥ ተፈሪ» ከሆነ ደግሞ በመስከረም 1921 እና በጥቅምት 1923 መካከል ባለችው አጭር ጊዜ ውስጥ ይወድቃል። «ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ጎራዴ «አያቴ ዓድዋ ላይ የያዘው» ተብሎ ሲሸጥ ማየት ብርቅ አይደለም። ዓድዋ የካቲት 23 ቀን 1888 ነው፤ ስሙ በሥራ ላይ የዋለው ከዚያ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። አንበሳው ብቻ፣ ያለ ስምና ማዕረግ፣ ዘመን አይወስንም፤ ከአንዱ ንጉሥ ወደ ሌላው እየተሸጋገረ የኖረ ምልክት ነው።

የፊደል ስህተት ሲያዩ ሐሰት ነው ብለው አይቸኩሉ። ፊደሉን የማያነብ የአውሮፓ ቀራጭ ከወረቀት ላይ እያየ ሲገለብጥ «ሰ»ን ከ«ሠ» ብቻ ሳይሆን «ነ»ን ከ«ኀ» ሊያምታታ ይችላል። ይልቅ የቅርጹን አሠራር በማጉያው ይመርምሩ። በአሲድ የተበላ የድሮ ጽሑፍ ወለሉ ሻካራ፣ አመዳማ ነው፤ ጠርዙ በመጥረግ ብዛት ተበልቶ ደብዝዟል፣ ዝገት ያለበት ቦታም ዝገቱ በጽሑፉ ላይ አልፎ ይሄዳል። በሌዘር የተጻፈው ወለሉ ላይ እጅግ የቀጠኑ እኩል ርቀት ያላቸው መስመሮች ይታያሉ፣ ጠርዙም ስል ነው። በጣም አጋላጩ ምልክት ዝገቱና ጽሑፉ ያላቸው ቅደም ተከተል ነው፦ ጽሑፉ የዝገት ጉድጓዶቹን ቆርጦ ካለፈ ብረቱ ከዛገ በኋላ የተጻፈ ነው። ማለትም አሮጌ ብረት ላይ አዲስ ንጉሥ ተጨምሯል።

የአገር ቤት ቀጥቃጭ ሥራ ማኅተም የለውም፤ ይህ ጉድለቱ አይደለም። በጎን ብርሃን ሲታይ የመዶሻ ጠባሳ ይኖረዋል፤ ብረት በብረት ላይ ተደርቦ ሲቀጠቀጥ ያልተዋሐደበት ቀጭን መስመርም በቁመቱ ይገኛል። ከመኪና ባሌስትራ የተሠሩ ጊሌዎችና ሾተሎች በብዛት አሉ። ጥሩ ብረት ናቸው፣ ስለትም ይይዛሉ፤ ግን የሃያኛው ክፍለ ዘመን እቃ ናቸውና በ19ኛው ዋጋ አይገዙም።

እጀታው፦ ቀንዱ የምን ነው?

በዋጋም በሕግም ከሁሉ በላይ አስጨናቂው ክፍል ይህ ነው። የድሮ ጎራዴ እጀታ ከአውራሪስ ቀንድ፣ ከጎሽ ቀንድ፣ ከበሬ ቀንድ ወይም ከእንጨት ይሠራል፤ የቅርብ ጊዜው ደግሞ ከፕላስቲክ።

የአውራሪስ ቀንድ ጸጉር መሰል ክሮች ተጣብቀው የሠሩት ነው። እጀታውን በቁመቱ ሲያዩ እንደ ታሰረ ጭድ ጎን ለጎን የሚወርዱ ቀጭን ቀጥ ያሉ ክሮች ይታያሉ፤ በተቆረጠው ጫፍ በኩል ደግሞ እነዚያው ክሮች ነጠብጣብ ሆነው ይወጣሉ። ቁልፉ ጫፉ ነው። በጎኑ ላይ መስመር ማየት አይበቃም፤ የጎሽ ቀንድም መስመር አለው። የጎሽና የበሬ ቀንድ ግን በንብርብር የተሠራ ስለሆነ ጫፉ ላይ ነጠብጣብ ሳይሆን የንብርብር መስመር ነው የሚያሳየው፤ ሲሰነጠቅም በልጥ በልጥ ይነሳል። በቀጭኑ ጠርዝ በኩል ባትሪ ቢያበሩበት የአውራሪሱ ማር የመሰለ ቀለም ሊያሳልፍ ይችላል፤ ጥቁር ጎሽ ግን ብዙ ጊዜ ብርሃን አያሳልፍም። ፕላስቲክ በማጉያ ሲታይ ጥቃቅን የአየር ፊኛዎች አሉበት፤ ከቅርጽ ማውጫው የተረፈ መጋጠሚያ መስመርም በጎንና ጎኑ ይወርዳል።

አንዳንዶች በጋለ መርፌ ወግተው ሽታውን ያሸትታሉ። አያድርጉት። ጸጉር ጸጉር መሽተቱ ቀንድ መሆኑን ይነግራል እንጂ የየትኛው እንስሳ እንደሆነ አይናገርም፤ ቀዳዳው ግን ለዘላለም ይቀራል።

አውራሪስ መሆኑ ከታወቀ ነገሩ ከጌጥነት ወደ ሕግ ይዞራል። ሳይተስ የሚባለው የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት የአውራሪስ ዝርያዎችን በሙሉ እ.ኤ.አ. በ1977 በጥብቁ መዝገብ አንድ ውስጥ አስገብቷል፤ በኋላ ለጥቂት አገሮች ነጭ አውራሪስ የተደረገው የተወሰነ ማሻሻያ የድሮ ጎራዴ እጀታን አይመለከትም። ድንበር የሚሻገር ማንኛውም የአውራሪስ ቀንድ እጀታ የሁለቱንም አገር ፈቃድ ይጠይቃል፣ ያ ባይኖር ጉምሩክ ይወርሰዋል። በአሜሪካ እቃው 100 ዓመት የሞላው መሆኑን በሰነድ የማስረዳት ግዴታ ያለበት አስመጪው ነው። በአውሮፓ ኅብረትና በብሪታንያ ለተሠሩ የቆዩ እቃዎች መለያው እ.ኤ.አ. ማርች 3 ቀን 1947 ነው፤ ከዚያ በፊት ተሠርቶ በሰው እጅ የገባ መሆን አለበት። ስለዚህ «ቀንዱ የምን እንደሆነ አናውቅም» የሚል ሻጭ ብዙ ጊዜ ያውቃል። ሰነድ የሌለው የአውራሪስ እጀታ ቢረክስም ይቅርብዎ።

በእጀታው ጫፍ ላይ ያለውን ማሰሪያም ያስተውሉ። በድሮ ሥራ የብረቱ ጅራት ተቀጥቅጦ እንደ ችንካር ራስ ይደፈጠጣል፤ አካባቢው ላይ እጀታውና ብሩ አንድ ዓይነት ጥቁረት አላቸው። ጥርስ ያለው ጅራትና ዳዶ፣ የብየዳ ጠብታ፣ ወይም ከእጀታው ሥር የሚታይ የሙጫ ጠርዝ ካገኙ እጀታው በቅርቡ ገብቷል። ሻጩ እጀታውን ይዞ ሲወዘውዘው የማይነቃነቅ መሆኑን እንደ ጥራት ያሳያል። ግን የመቶ ዓመት ቀንድ ይሸበሸባል፣ ትንሽ መላወሱ የሚጠበቅ ነው፤ ፈጽሞ የማይላወሰው ውስጡ ሙጫ ሊኖር ስለሚችል እንዲያውም ጠጋ ብሎ መታየት አለበት።

ብርና አፎት

እዚህ ብዙ መቆየት አያስፈልግም። ብር ማግኔት አይስበውም፣ ነሐስና ኒኬል ቅይጡም እንደዚያው ስለሆነ ማግኔት የሚያጋልጠው ብረት ላይ የተለበጠውን ብቻ ነው። ኒኬል ቅይጥ በተላጠበት ጠርዝ ወደ ቢጫ ይሄዳል። የአገራችን አንጥረኛ ብዙውን ብር ያገኘው ማርትሬዛ ብር አቅልጦ ነው፤ ያ ሳንቲም 28 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ የብር ይዘቱ ከሺህ 833 ነው። ስለዚህ ጌጡ ከንጹህ ብር ትንሽ ዝቅ ማለቱ የሚጠበቅ እንጂ ጉድለት አይደለም። ሳንቲሙ ራሱ እጀታው ጫፍ ላይ ተሰክቶ ካገኙት በላዩ ያለውን 1780 አይመኑ፤ ማርትሬዛ በዚያው ዓመት እየታተመ ከመቶ ዓመት በላይ ቀጥሏል።

አፎቱ ለብረቱ የተሰፋ መሆኑን ለማወቅ ብረቱን ሙሉ በሙሉ ያስገቡና እጀታው ከአፎቱ አፍ ጋር የሚገናኝበትን ይዩ። አብረው የኖሩ ከሆኑ የቆዳው መበላትና የብሩ መላግ ይገጥማሉ። ጫፉ ላይ ከሦስት ጣት በላይ ባዶ ከቀረ፣ ወይም ጉብታቸው ካልተስማማ፣ አፎቱ የሌላ ነው። ቀይ ቆዳው ሲነኩት ቀይ ዱቄት እጅ ላይ የሚተው ከሆነ ቆዳው በውስጡ በልቷል፤ ያንን የሚመልሰው ቅባት የለም።

ከጎረቤት ጋር መምታታት

በውጭ አገር ጨረታ «የሐበሻ» የሚል ስያሜ የሚለጠፍበት እቃ ብዙ ነው። ጎባጣ ከሆነና አፍሪካዊ ከመሰለ ሾተል ይባላል። የኮንጎ አካባቢ ማጭድ መሰል ሰይፎች ግን እጀታቸው በመዳብ ወይም በናስ ሽቦና ሚስማር የተጌጠ ነው፣ ብረታቸውም ቀዳዳ ወይም ቅርንጫፍ የመሰለ ሾል ያለ ነገር ይኖረዋል፤ ሾተል ይህ ሁሉ የለውም።

የሱዳኑ ካስካራ ቀጥ ያለ፣ ባለሁለት አፍ፣ 90 ሳንቲሜትርና ከዚያ በላይ ብረት ያለው፣ የመስቀል ቅርጽ የብረት መከላከያ ያለው ሰይፍ ነው። የቆዳ አፎቱ ከጫፉ ከፍ ብሎ እንደ ቅጠል ስለሚሰፋ በሩቁ ይለያል። ብረቱ ላይ ግማሽ ጨረቃ ወይም አንበሳ ታትሞ ቢያገኙ አውሮፓዊ ነው ብለው አይደምድሙ፤ የካሳላ ቀጥቃጮች እነዚህን ማኅተሞች ሲገለብጡ ኖረዋል። የሶማሌው ቢላዋ ቅጠል የመሰለ ባለሁለት አፍ ብረት አለው፣ የቀንድ እጀታው ጫፍ ሦስት ሾጣጣ ሆኖ ይወጣል። ከጊሌ የሚለየውም በዚሁ ነው።

ከባሕር ማዶ የየመኑ ጀምቢያና የዖማኑ ኻንጀር የሚባሉት ጩቤዎች ወደ ሐረርም ወደ አፋር ጠረፍም ተሻግረዋል። ጀምቢያ ከጊሌ ያነሰ ነው፣ እጀታው ከላይና ከታች ሰፋ ብሎ በመካከሉ ይቀጥናል። ኻንጀር በአፎቱ ይታወቃል፤ ከመካከል በድንገት ታጥፎ ጎኑ ላይ የብር ቀለበቶች አሉት፣ ሰኢዲ በሚባለው ዓይነት ሰባት። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ገበያ የሚሸጠው አብዛኛው አዲስ ስለሆነ ቀንዱንና ብሩን ከላይ በተባለው መንገድ ሳይመረምሩ አይግዙ።

ሲገዙ

አዲስ አበባ ላይ ቸርችል ጎዳና ፖስታ ቤት አካባቢ ያሉት የስጦታ እቃ ቤቶች የሚይዙት በአብዛኛው አዲስ ሥራ ነው፤ ለስጦታ ደህና፣ ለስብስብ ግን ውፍረቱን ሳይለኩ አይወስኑ። ከቤተሰብ የሚገዛ ሰው ከታሪኩ ይልቅ ወረቀት ይጠይቅ፦ የድሮ ፎቶ፣ የውርስ ሰነድ፣ የሹመት ደብዳቤ። ጎራዴው ላይ «ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ» የሚል ጽሑፍ ወይም የታቦት ስም ካለ እቃው ከእቃ ቤት የወጣ ሊሆን ይችላልና እጅዎን ይሰብስቡ። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ የተዘረፈ መሆኑ የተገለጸበት እቃም በውጭ ጨረታ ብቅ ይላል፤ የዚያ ቦታው አገሩ ነው እንጂ የግል ግድግዳ አይደለም።

ከኢትዮጵያ ማውጣትን የሚገዛው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ነው። ቅርስ ያለ ፈቃድ አይወጣም፤ አዲስ የተሠራ ሆኖ አሮጌ የሚመስለውም ቦሌ ላይ ስለሚያስቆም፣ አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም አጠገብ ከሚገኘው የቅርስ መሥሪያ ቤት አስቀድሞ ወረቀት ማውጣት ይሻላል። በአውሮፕላን የሚሄደው በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ብቻ ነው፣ ጫፉ በቡሽ ተሸፍኖ። ወደ ብሪታንያ የሚያስገቡ ሰዎች ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2008 ወዲህ 50 ሳንቲሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ጎባጣ ሰይፍ መሸጥም ማስገባትም መከልከሉን ይወቁ፤ ከክልከላው የሚወጡት 100 ዓመት ያለፋቸው፣ እ.ኤ.አ. ከ1954 በፊት የተሠሩ ወይም በባህላዊ የእጅ ሥራ የተሠሩ ናቸው። ይህንን የማስረዳት ሸክም በእርስዎ ላይ ይወድቃል፣ ሾተልም ጎራዴም ሁለቱም ጎባጣ ናቸው።

አያያዝ

ብዙ ጥሩ ጎራዴ ከጦር ሜዳ ይልቅ በጽዳት ነው የተበላሸው። በሎሚና በአመድ የተፈተገ ብር ጌጡ ይሳሳል፤ በግራይንደር የተወለወለ ብረት ማኅተሙም፣ ጽሑፉም፣ ዋጋውም አብሮ ይሄዳል። ጥቁር፣ ጠፍጣፋና የማይረግፍ ጥቁረት ዝገት አይደለም፣ ይተውት። መወገድ ያለበት ቀይና ዱቄታማው ዝገት ነው። እሱንም በልብስ ስፌት መኪና ዘይት አርሰው ለአንድ ሌሊት ይተዉት፤ ጠዋት በተሳለ የቀንድ ቁራጭ ወይም በመዳብ ሳንቲም ጠርዝ እየፋቁ በጨርቅ ይጥረጉ። መዳብ ከብረት ስለሚለዝብ አይጭርም። የድስት መፋቂያ ሽቦና የዝገት ማስለቀቂያ አሲድ ከዚህ ሥራ ይራቁ፤ አሲዱ ሁሉንም ወጥ ግራጫ ያደርገዋል፣ በቀንድና በብር ዙሪያ የቀረው ደግሞ ለወራት ሲበላ ይኖራል።

ከጠረጉ በኋላ ለብረቱ ስስ የሰም ሽፋን ከዘይት ይሻላል፣ አቧራ አይዝም። ቅቤና የምግብ ዘይት አይቀቡ፤ ይደርቃሉ፣ ይጣበቃሉ፣ አሲዳቸውም ብረቱን ያዝገዋል፤ ቆዳው ላይ ከሆነ አይጥና ነቀዝ ይጠራሉ። ቀንድ ላይ ጥቃቅን ክብ ቀዳዳዎችና አዲስ ዱቄት ካዩ ነፍሳት ገብተውበታል፤ በላስቲክ አሽገው ከሌሎቹ ለይተው ያስቀምጡት።

ብረትና አፎት ለየብቻ ይቀመጡ። ቆዳው የተለፋበት አሲድ ከክረምት እርጥበት ጋር ሲገናኝ ብረቱን ከውስጥ ይበላዋል፤ አፎቱ ውስጥ ተዘግቶ ስለሚሠራ ደግሞ ሳይታይ ዓመት ይሞላል። አፎቱ ቅርጹን እንዳያጣ ከቀላል እንጨት የተጠረበ ምትክ ውስጡ ይግባ። የእርጥበቱ መጠን ከ40 እስከ 50 በመቶ ቢሆን ለብረትም ለቀንድም ይስማማል፤ ከዚያ ሲደርቅ ቀንዱ ይሰነጠቃል። ከጫማ ካርቶን የሚወጡት ትንንሽ እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች መሳቢያ ውስጥ ጥሩ ይሠራሉ፣ ግን ከሰኔ እስከ መስከረም ቶሎ ስለሚሞሉ መቀየር አለባቸው።

ለእያንዳንዱ እቃ ቁጥር ይስጡና ቁጥሩን በወረቀት ጽፈው በጥጥ ክር እጀታው ላይ ይሰሩት፤ ፕላስተርና ስቲከር ቀንዱን ያበላሻሉ። መዝገቡ ላይ ከእጀታ ሥር እስከ ጫፍ ያለው ቀጥታ ርዝመት፣ በጥምዙ ዙሪያ ያለው ርዝመት፣ ከቀጥታው መስመር ጥልቁ ጥምዝ ድረስ ያለው ርቀት፣ ሦስቱ የውፍረት ልኬቶች፣ ክብደቱ፣ የማኅተሙ ፎቶ፣ ከማን መቼ እንደተገዛ ይግባ። የሻጩን ታሪክም ይጻፉት፣ «ሻጩ እንዳለው» ብለው።